ቁንጥጫውን ስንጥል ማሳደጉንም ጣልነው

ጠዋት ነው። ረፍዷል። 6 ዓመት የሆናት ልጄ ጫማዋን ማድረግ አለባት። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጫማውን በእጄ ይዣለሁ።

«የኔ ቆንጆ፣ አሁን ጫማ ብናደርግ ምን ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም» አለችኝ።

«እሺ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ሰማያዊው ይሻላል ነጩ?»

«ሁለቱንም አልፈልግም።»

«ለምን እንደማትፈልጊ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?»

«ስለማልፈልግ።»

20 ደቂቃ ፈጀን። ለመንኩ፣ አስረዳሁ፣ አማራጭ አቀረብኩ። በመጨረሻ መንገድ ላይ ታብሌት እንደምሰጣት ቃል ገባሁና ጫማው ተደረገ። አባቴ ሊጠይቁን መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተዋል። ቦርሳዋን ይዤ ስወጣ ቀስ ብለው፣ «ልጅህን ትፈራታለህ እንዴ?» አሉኝ።

ሳልመልስላቸው ወጣሁ። ነገሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ያናደደኝ ጥያቄው ብቻ አይደለም። የጠየቁኝ እሳቸው መሆናቸው ነው።

እኔ እየተመታሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው አባቴን ለመክሰስ አይደለም። ከእኔ ጋር ያደገው አብዛኛው ሰው እንዲያ ነው ያደገው። ቤት ቀበቶ፣ ትምህርት ቤት ጎማ። 3ኛ ክፍል ሆነን የማባዣ ሰንጠረዥ በቃላችን የምንወጣበት ሰዓት ነበር። ተራህ ሲደርስ ትቆማለህ፤ መዳፍህን ትዘረጋለህ። ከተሳሳትክ አንድ ትቀምሳለህ። ዝም ካልክ ሁለት። አንድ ቀን ሰባት ሲባዛ በስምንት ደረሰኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ማታ ሳጠናው ነው ያመሸሁት። ጎማውን ሳየው ግን አፌ ተሳሰረ። አሁን 40 ዓመት አልፎኛል። 56 የሚል ቁጥር የትም ቦታ ሳይ ግራ መዳፌ ይግላል።

ልጄ የተወለደች ዕለት ለራሴ ማልኩ። እጄ አያርፍባትም፤ አልጮህባትም፤ አታፍርም፤ አትፈራም። ባለቤቴም ተስማማች። መሐላው እንዴት እስከ ጫማ ልመና ድረስ እንደወሰደኝ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አንዱን ነገር ቋንቋችን ራሱ ይናገረዋል። አንድ ሰው ጨዋ ሆኖ ሲገኝ «ቆንጥጠው ነው ያሳደጉት» እንላለን። ምስጋና ነው። ሰው እናቱን ሲያወድስ «ቆንጥጣ ያሳደገችኝ» ይላል፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። ያልተቆነጠጠው ደግሞ «ስድ አደግ» ነው፣ መረን የተለቀቀ። ሥርዓት ማስያዝና ማሳመም እንደ አንድ ነገር ተሰፍተው ነው እጃችን የገቡት። እኛ ወላጅ ስንሆን ቁንጥጫውን አንፈልግም አልን። ደግ አደረግን። ግን «ቆንጥጦ ማሳደግ» ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያውን አሽቀንጥረን ስንጥል ሁለተኛውም አብሮ ሄደ።

ቁንጥጫውን በመጣላችን ትክክል ነን። በዚህ ላይ አንድ ስንዝር አላፈገፍግም። በ2016 (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን ኬይለር የተባሉ ተመራማሪዎች 75 ጥናቶችን አንድ ላይ ፈተሹ። ጥናቶቹ ወደ 161,000 የሚጠጉ ልጆችን ያካተቱ ናቸው። የመረመሩት ከባድ ድብደባን አይደለም። ብዙ ሰው «ምንም አይደል» የሚለውን፣ በእጅ መቀመጫውን ቸብ ማድረግን ነው። እሱ እንኳ ከተሻለ ባህርይ ጋር አልተያያዘም። አብሮት የተገኘው ጠበኝነት፣ የአእምሮ ጤና ችግርና ከወላጅ ጋር መቃቃር ነው። ስለዚህ «ድሮ ይሻል ነበር፣ እኛ ተመትተን ምን ሆንን?» የሚለኝ ሰው ከእኔ ጋር አይደለም። ምን እንደሆንን እኔ አውቃለሁ። መዳፌ ያውቃል።

ልጆችን መምታት በሕግ የከለከለችው የመጀመሪያዋ አገር ስዊድን ናት፣ በ1979። ሕጉን ለማሳወቅ ልጅ ላለበት ቤት ሁሉ መጽሔት ላኩ። ወተት በሚሸጥበት ካርቶን ላይ ሳይቀር ጻፉት፤ ቤተሰቡ ቁርስ ላይ ተቀምጦ እንዲያነበውና እንዲነጋገርበት። ይህን ታሪክ ስሰማ ሁሌ ደስ ይለኛል። ግን ከእሱ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። የስዊድን ሕግ በኋላ ሲሻሻል፣ መምታትን በሚከለክለው በዚያው አንቀጽ ውስጥ ልጆች እንክብካቤ፣ ደኅንነትና መልካም አስተዳደግ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ማደግ መብት ነው ማለት ነው። ዱላውን የከለከሉት ሰዎች ወላጁን ከሥራው አላሰናበቱትም።

እኛ ግን ራሳችንን አሰናበትን።

ስልኬን ስከፍት በየቀኑ አንድ ቪዲዮ ይጠብቀኛል። «ለልጅዎ አይሆንም አይበሉ።» «ልጅዎን አያዝዙ፣ ይጋብዙ።» «ያለቀሰ ልጅ የተጎዳ ልጅ ነው።» ሁሉም ለስላሳ ሙዚቃ አላቸው። ብዙዎቹ ውስጥ እውነት አለ። ለልጅ ስሜት ስም መስጠት፣ ከመናገር በፊት ዝቅ ብሎ ዓይኑን ማየት፣ ሲሳሳቱ ይቅርታ መጠየቅ፤ እነዚህን ከዚያው ነው የተማርኩት፤ አሁንም አደርጋቸዋለሁ። ችግሩ ሁሉም ቪዲዮ 1 ደቂቃ መሆኑ ነው። ልጅቷ ተረጋግታ ስትስቅ ያበቃል። ወላጁ ሁሉን ካለ በኋላ ልጅቷ አሁንም «አልፈልግም» ስትል የሚያሳይ ቪዲዮ እስካሁን አላየሁም።

ዳያና ባውምሪንድ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበረች፣ በርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ። በ1960ዎቹ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትንና ወላጆቻቸውን ተከታትላ ሦስት ዓይነት አስተዳደግ ለየች። አንደኛው «እኔ ስላልኩ» የሚል፣ ማስረዳት የማያውቅ፣ ቀጪ ወላጅ ነው። ሁለተኛው ሁሉን የሚፈቅድ፣ ልጁን ምንም የማይጠይቅ ልል ወላጅ። ሦስተኛው ደግ ነው፤ ያዳምጣል፤ ምክንያቱን ይናገራል፤ ግን ያለው ያለው ነው። የልሎቹ ልጆች ነፃና ደፋር ሆነው ይገኛሉ ብሎ ነው ሰው የሚገምተው። እሷ ያገኘችው ተቃራኒውን ነው። ራሳቸውን በመግዛትም፣ በራሳቸው በመቆምም፣ አዲስ ነገር ለመሞከር በመድፈርም ከሁሉም ያነሱት እነሱ ነበሩ። ጥናቷ ያየው ጥቂት ቤተሰቦችን ነው፤ ሁሉንም ቤት በእሱ መለካት አይቻልም። ሦስቱን ስታነብ ግን የአባትህን ስም አንደኛው ላይ፣ የራስህን ሁለተኛው ላይ ጽፈህ ታገኘዋለህ። ሦስተኛው ባዶ ነው። እኔ ያን ባዶ ቦታ ለብዙ ጊዜ አላየሁትም። ያለው ቀበቶ ወይም ልመና ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጄራልድ ፓተርሰን የሚባለው ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሆነውን በቅርበት ያየ ሰው ነው። ኦሪገን ውስጥ ሆኖ ተመልካቾችን ወደ ቤተሰቦች ይልክ ነበር። ተመልካቾቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው ማን ምን እንዳለ፣ ሌላው ምን እንደመለሰ ተከታትለው ይመዘግባሉ። በ1982 ያሳተመው ሥራ የእኔን ቤት ያየ ያህል ነው። እንዲህ ነው የሚሆነው። ወላጅ ይጠይቃል። ልጅ እምቢ ይላል። ወላጅ ይደግማል። ልጅ ይጮኻል። ወላጅ ይተወዋል። ልጅ ዝም ይላል። አሁን ሁለቱም ተሸልመዋል። ልጁ መጮህ እንደሚሠራ ተማረ። ወላጁ ደግሞ መተው ፀጥታ እንደሚያመጣ ተማረ። በማግስቱ ጩኸቱ ቀድሞ ይጀምራል፤ መተዉም ይፈጥናል።

ከዚህ የሚብሰው አንዳንዴ ጸንቶ አንዳንዴ መተው ነው። እንስሳት ላይ ብዙ የሠራው ስኪነር ከረጅም ጊዜ በፊት አሳይቶታል። ሁልጊዜ የሚሸለም ልማድ ሽልማቱ ሲቆም ቶሎ ይጠፋል። አልፎ አልፎ የሚሸለም ግን አይለቅም፤ «ምናልባት ዛሬ ይሆናል» የሚል ተስፋ አለውና። ስለዚህ ሰኞና ማክሰኞ «አይሆንም» ብዬ ረቡዕ ደክሞኝ ታብሌቱን ስሰጣት፣ ያስተማርኳት የሰኞውን አይደለም። እስከ ረቡዕ ማልቀስን ነው። ለካ ጨካኙ ነገር ይኼ ኖሯል። በደግነት ስም ልጄን የልቅሶ ሠራተኛ አድርጌያት ነበር።

ያነቃኝ ግን ጥናት አይደለም። አንድ ማታ ነው።

ደክሟታል። ዓይኗን ታሻሻለች። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ጀመርኩ። አሁን ትተኛለሽ ወይስ ትንሽ ቆይተሽ? የትኛውን ፒጃማ? መጀመሪያ ጥርስ ይሻላል መጀመሪያ ፊት? መብራቱ ይጥፋ ይብራ? ተረት ከኔ ወይስ ከማሚ? መሐል ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። የንዴት ልቅሶ አይደለም፤ እሱን አውቀዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው። «አባቢ፣ አንተ ንገረኝ በቃ!» አለች። «አንተ ንገረኝ!»

አነሳኋት። ቢጫውን ፒጃማ አለበስኳት። ጥርሷን አጠብኩላት። መብራቱን አጠፋሁት። 5 ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰዳት።

እኔ ግን ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። 6 ዓመት ሙሉ ምርጫ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራዬን ነው የሰጠኋት። በትልቅ ሰው ትከሻ ላይ መዋል ያለበትን ውሳኔ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ልጅ ጀርባ ላይ አዝዬ፣ «ነፃ ነሽ» እያልኳት ነበር። አለቃ ያደረግነው ልጅ ብቻውን የተተወ ልጅ ነው። ማንም ከበላዩ የለም። ቢወድቅ የሚይዘው መኖሩንም አያውቅም፤ ምክንያቱም እሱ ሲገፋው ያልወደቀ ሰው ቤቱ ውስጥ አላየም።

ከዚያ በኋላ ነው መሐላዬ ለማን እንደነበር የገባኝ። እሷ ስታለቅስ የማየው ያን መዳፉን የዘረጋ የ3ኛ ክፍል ልጅ ነበር። እሱን ነበር የማባብለው። እሷ በመሐል ተረሳች።

ትምህርት ቤትም ያለው ነገር ያው ነው። ከ20 ዓመት በላይ ያስተማረች ወዳጅ አለችኝ። በቀደም አንድ ደብተር አሳየችኝ። የሒሳብ ልምምድ ነው፣ ከ10 የተገኘው 4። ከሥሩ በወላጅ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «እባክዎ በቀይ አይጻፉ፤ ልጃችን ይደነግጣል።» አረንጓዴ እስክሪብቶ ገዛች። በሳምንቱ ሌላ መልእክት መጣ፤ የኤክስ ምልክቱ ይቅር ተባለች። ተወችው። ቀጥሎ አለቃዋ ጠርተው ውጤቱን «ትንሽ እንድታስተካክለው» ነገሯት። አስተካከለችው።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ልጁ ራሱ መጣ። ሁሉም ለእረፍት ሲወጡ ቀረና ደብተሩን ይዞልኝ መጣ። ‹ቲቸር፣ የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?› አለኝ።» ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተቆረጠ። «አንተ፣ እኔ እኮ መልስ አልነበረኝም። ራሴ ነኝ ያጠፋሁበት።»

ይህን ልጅ አስቡት። ያላወቀውን ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ዙሪያውን ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ፣ እናቱ፣ አባቱ፣ የትምህርት ቤቱ አለቃ፣ መምህሯም ጭምር፣ እንዳያውቅ ተባብረዋል። ሁሉም ስለሚወዱት።

የዚህም መነሻ ደግ ሐሳብ ነው። በ1986 የካሊፎርኒያ ግዛት ሰው ለራሱ ያለውን ግምት ከፍ ለማድረግ ኮሚሽን አቋቋመ። ልጅ ራሱን ከወደደ ትምህርቱም ባህርይውም ይስተካከላል ተብሎ ታሰበ። በ2003 ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ ጥናቶቹን ሰብስበው ሲያዩ ነገሩ በአብዛኛው ግልባጭ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ስለሠራ ነው ራሱን ከፍ አድርጎ የሚያየው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ ደግሞ በ1998 የ5ኛ ክፍል ልጆችን ጥያቄ አሠሩና አሞገሷቸው። ለአንዳንዶቹ «ጎበዝ አእምሮ አለህ»፣ ለሌሎቹ «ጥሩ ለፍተሃል»። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ አእምሯቸው የተሞገሰው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ከዚያ በኋላ በቀላሉም ጥያቄ ውጤታቸው ወረደ። ስንት እንዳገኙ ሲጠየቁ ከፍ አድርገው የዋሹትም በእነሱ ወገን በዙ። «ጎበዝ» መባልን ላለማጣት ነው። አረንጓዴው እስክሪብቶ ለልጁ የሚነግረው ይህንኑ ነው። መሳሳት በጣም አስፈሪ ነገር ስለሆነ ትልልቆቹ እንኳ አይተው መጥራት አይደፍሩም።

«ታዲያ ነፃነትስ?» የሚሉኝ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠሩት የእንግሊዙን ሰመርሂል ነው። ኤ ኤስ ኒል በ1921 የመሠረተው፣ ልጆች ክፍል መግባት ካልፈለጉ የማይገደዱበት ትምህርት ቤት ነው። እውነት ነው፣ ልጅ እንዲያ የሚታመንበት ቤት ብዙ የለም። ግን የሰመርሂልን ግማሽ ብቻ ነው የሚነግሩን። ኒል ነፃነትና ስድነት ይለያያሉ እያለ ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል። ትምህርት ቤቱ ሕግ የሌለበት አይደለም፤ ልጁም መምህሩም አንድ አንድ ድምፅ ይዘው በስብሰባ ያወጧቸው እጅግ ብዙ ሕጎች አሉት። የሚጥስ ይቀጣል፣ በዱላ ሳይሆን በቅጣት ገንዘብና በመሳሰለው። የመኝታ ሰዓት አለ። ሰዓቱን የሚያስከብሩ፣ ከልጆቹ መሐል የተመረጡ ኃላፊዎችም አሉ። ነፃ የሚባለው ትምህርት ቤት ልጆቹን በሰዓታቸው ያስተኛል። እኔ ቤት ማታ በ4 ሰዓት ድርድር ላይ ነበርኩ።

በ1989 የጸደቀው የልጆች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 12 ልጅ ስለሚመለከተው ነገር ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል፤ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በልጅነቴ ማን ጠይቆኝ? ግን መደመጥና መወሰን ሁለት ናቸው። ልጄ ጫማው እግሯን እንደሚያሳክካት ስትነግረኝ መስማት ግዴታዬ ነው። ባዶ እግሯን ትምህርት ቤት ትሂድ አትሂድ ግን የእሷ ጥያቄ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ተመልሰው መጡ። ማታ ነው። ልጄ ታብሌት ታያለች። አስቀድሜ፣ «ይቺ ስታልቅ ይዘጋል» ብያታለሁ። አለቀች። ዘጋሁት።

ጮኸች። «ስሜትሽ ይገባኛል» አላልኩም፤ ያን ጊዜ ማንም አይሰማም። «ተናደሻል። አይከፈትም» አልኳት። የቀለም ዕቃዋን ወረወረችው። ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አልወድህም! ማሚን ነው የምወደው!» አለች። «እሺ። አይከፈትም።» ከዚያ ተነስታ በሙሉ ኃይሏ ቅልጥሜን በእርግጫ መታችኝ።

እጄ በራሷ ጊዜ ተነሳች። እውነቱን ልናገር፣ ተነስታለች። መሐል ላይ አየኋት፤ ግራ እጄ ነች። ቀስ አድርጌ መዳፌን ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት። እግሯን በሌላው ያዝኩና፣ «መምታት የለም። እኔም አልመታሽም፣ አንቺም አትመቺኝም» አልኳት። እንደገና ጮኸች። ከበፊቱ ባሰ። ረቡዕ እስኪደርስ እየጠበቀች መሆኑን አውቄያለሁ። እግሬ ደንዝዟል፤ ጆሮዬ ይጮኻል። የትም አልሄድኩም።

35 ደቂቃ ሆነ። ጩኸቱ ልቅሶ ሆነ፤ ልቅሶው ስቅታ። እየተሳበች መጥታ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች።

«ነገ ይከፈታል?»

«ነገ፣ የቤት ሥራ ስትጨርሺ።»

«እሺ።»

የቀለም ዕቃውን አብረን ለቀምን። ሰማያዊው እርሳስ ሶፋው ሥር ገብቶ ኖሮ እሷ ተንበርክካ አወጣችው። ከዚያ ወስጄ አስተኛኋት።

ስመለስ አባባ ሶፋው ላይ ናቸው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተውት ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንዳጠፉት አላወቅኩም። ጥቂት ዝም አሉና፣

«እንዲህም ይቻል ኖሯል ለካ» አሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ መለሱት።